ሌባ ጣትን ከክር ማዳን፦ ከባድ ማባበያ ለሚወረውር ሰው የጓንት አመራረጥ

ቁስሉ መጀመሪያ አያምም። ሌባ ጣቴ ላይ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ለስላሳ ሥጋ፣ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር አየሁ። ከዚያ ደሙ መጣ። ጊዜው ኖቬምበር መጨረሻ ነበር፤ ቦታው ሜሪላንድ፣ አሳቲግ ደሴት የሚባለው የአትላንቲክ ዳርቻ። 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም የሚመዝን የብረት ማባበያ፣ አሳ ለመሳብ ክር ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ በቀጭን ክር ከጠዋት ጀምሬ ስወረውር ነው ያረፈድኩት።

የሚያናድደው ደግሞ ጓንት አድርጌ ነበር። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ጀርባው ላይ የአሳ ሥዕል ያለበት። ጣቶቹ ግን ከአንጓው ላይ የተቆረጡ ናቸው። የማይቆረጠውን እጄን በሙሉ ሸፍኖ፣ የሚቆረጠውን ቦታ ብቻ ለክሩ ትቶለታል።

አብረውኝ የነበሩት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ጣቴን ገልበጥ አድርገው አዩና “አንተ፣ እጅህን እኮ ነው ያለበስከው። ክሩ የሚቆርጠው ጣትህን ነው” አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ፕላስተር አወጡ። ዘላቂ መፍትሔውን ያገኘሁት ቆይቶ ነው፤ እሱም አንድ ጣት ብቻ የሚያክል የቆዳ ቁራጭ ሆነ።

ስለዚህ ጓንት ስትመርጡ ከሱቁ መደርደሪያ አትጀምሩ። ከገዛ እጃችሁ ጀምሩ። የምትፈልጉት ችግራችሁን የሚፈታውን ትንሹን ጓንት ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ጨርቅ ሁሉ በመወርወሪያው ሰዓት ክሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ወይ የጣትን ስሜት ይገድላል።

ጣት ለምን ይቆረጣል?

ሪላችሁ፣ ማለትም ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ፣ ስፒኒንግ የሚባለው ባለ ሽቦ ቅስት ዓይነት ከሆነ አወራወሩን ታውቁታላችሁ። ክሩን በሌባ ጣት ትይዛላችሁ፣ የሽቦውን ቅስት ትከፍታላችሁ፣ ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዳችሁ በኃይል ወደፊት ትልካላችሁ፣ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ ጣታችሁን ትለቃላችሁ። እስክትለቁ ድረስ ያ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው በአንድ ጣት ሥጋ ላይ ነው። ያውም የተንጠለጠለ 113 ግራም አይደለም፤ በኃይል እየተስፈነጠረ ያለ 113 ግራም ነው። የባሕር ዳር ወርዋሪዎች ለእያንዳንዱ አውንስ 10 ፓውንድ የሚችል ሾክ ሊደር፣ ማለትም ከዋናው ክር ጫፍ የሚቀጠል ወፍራም ክር፣ የሚያስሩት ወደው አይደለም። ለ4 አውንስ 40 ፓውንድ፣ ለ8 አውንስ 80 ፓውንድ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ክሩ ራሱ ነው። ብሬድ የሚባለው ክር ከቀጫጭን የፖሊኤትሊን ቃጫዎች እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። 30 ፓውንድ የሚችል ብሬድ ውፍረቱ እንደ 8 ፓውንድ ሞኖ፣ ማለትም እንደ ተራው ነጠላ የናይለን ክር ነው፤ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሞኖ ሲጎተት ይለጠጣል፣ ጭነቱን ትንሽ ያለዝበዋል። ብሬድ አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ የማይለጠጥ። አሸዋ የያዘና ጨው የጠጣ ሲሆን ደግሞ መጋዝ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁስሉ የት እንዳለ እዩ

ከባድ ማባበያ ስትወረውሩ ውላችሁ ቤት ስትገቡ፣ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት መብራት ሥር ዘርግታችሁ እዩት። ቀዩ መስመር ሌባ ጣት ላይ ከሆነ ችግራችሁ ክር መያዝና መልቀቅ ነው። አውራ ጣት ላይ የተቃጠለ የሚመስል ካለ ሪላችሁ ማጠንጠኛው (ክሩ የሚጠመጠምበት ክፍል) በአውራ ጣት የሚያዘው ዓይነት ነው ማለት ነው። መዳፋችሁ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይ ከትንሿ ጣት ሥር ካበጠ፣ ዘንጉን አጥብቃችሁ መጨበጣችሁና ቀኑን ሙሉ መጠቅለላችሁ ነው ያደከማችሁ። ጣቶቻችሁ ሁሉ ትንንሽ ጭረት ከሞላባቸው ደግሞ ያ ከመወርወር አይደለም የመጣው፤ ከአሳው ጥርስና ክንፍ፣ ወይ ከመንጠቆ ነው።

አራቱም አራት የተለያየ ጓንት ይፈልጋሉ። ሁሉንም የሚፈታ አንድ ጓንት አለኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ደረጃ 2፦ ጓንት የማይፈታውን አስቀድማችሁ ፍቱ

ከጣታችሁ ሥር የሚያልፈው ክር ቀጭኑ ብሬድ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ቀይሩት። ሾክ ሊደሩን ረዘም አድርጉት። ማባበያው ከዘንጉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ለመወርወር ስትዘጋጁ፣ ሊደሩ ማጠንጠኛው ላይ አራት አምስት ዙር የሚቀረው ይሁን። ያኔ ጣታችሁ የሚይዘው ወፍራሙን ክር ነው። የእኔ ሊደር የዚያን ቀን ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ቋጠሮው የት እንደሚያርፍም ተመልከቱ። ከማጠንጠኛው የፊት ከንፈር አጠገብ ካረፈ፣ ሲወጣ ጣታችሁን ይመታዋል፤ ያንን ምት ምንም ጓንት በደንብ አይከላከለውም። ወደ ኋላ፣ ወደ ዘንጉ እጀታ በኩል እንዲያርፍ አድርጋችሁ ጠቅልሉ።

የዘንጉንም ልክ አንብቡ። ከሪሉ በላይ ስንት አውንስ እንደሚችል ተጽፏል። 1 እስከ 3 አውንስ በሚል ዘንግ 5 አውንስ የሚወረውር ሰው ጣቱ ቢቆረጥ አይገርምም።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ለስፒኒንግ ሪል የመጀመሪያ ምርጫዬ ባለ አንድ ጣት መሸፈኛ ነው። ሌባ ጣት ላይ ብቻ የሚጠለቅ፣ ከኋላው ላስቲክ ወይም የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያለው። ከቆዳ ወይም ከኒዮፕሪን፣ ማለትም የጠላቂ ልብስ ከሚሠራበት ጎማ መሰል ነገር፣ ይሠራል። ሌሎቹ አራት ጣቶች ነፃ ናቸው፤ ቋጠሮ ታስራላችሁ፣ ስልክ ታነሳላችሁ፣ ቡና ትጠጣላችሁ። ዋናው ጉድለቱ መጥፋቱ ነው። እስካሁን ሦስት ጥዬአለሁ፤ አሁን የጃኬቴ ዚፕ ላይ በሲባጎ አስሬዋለሁ።

ሁለተኛው የጎልፍ ጓንት ነው። አትሳቁ። ስስ ነው፣ እጅ ላይ ልክክ ይላል፣ ጣቱ እስከ ጫፉ ይሸፈናል፣ የሚሸጠውም አንድ አንድ እየሆነ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ቀኝ እጅ ተጫዋች የሆነ ጎልፈኛ ጓንቱን የሚያደርገው በግራ እጁ ነው። እኛ ደግሞ በቀኝ የምንወረውር ሰዎች ሪሉን የምንይዘው በቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ “ቀኝ እጅ ነኝ” ብትሉ የሚሰጧችሁ የግራ እጅ ጓንት ነው። “ቀኝ እጅ ላይ የሚደረገውን፣ የግራኝ ተጫዋች ጓንት ስጡኝ” በሉ። መክፈያው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አጥልቁት።

ስለ ጎልፍ ጓንት ካነሳን አይቀር፣ ጥሩው የሚሠራው ጸጉራም ከሆነ በግ ስስ ቆዳ ነው፤ በንግዱ ካብሬታ ይሉታል። የእኛ አገር የደጋ በግ ሌጦ በጓንት ቆዳ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። የሰላሌ በግና የባቲ ፍየል የሚሉት መጠሪያዎች የውጭ ቆዳ ነጋዴም አፍ ላይ አሉ። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያነሳችሁት ጓንት ከየት እንደመጣ ባታውቁም፣ ከደጋው መጥቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ደስ ይላል።

ሦስተኛው ሙሉ ጣት ያለው የክረምት ጓንት ነው፣ ብዙ ጊዜ ኒዮፕሪን። ዲሴምበር ላይ ያለ እሱ መቆም አይቻልም። የጣቱ ጫፍ ተገልጦ ወደ ኋላ የሚለጠፈው ዓይነት አለ፤ ቋጠሮ ለማሰር ምቹ ነው። ስትወረውሩ ግን ያ መለጠፊያ ብሬድን እንደ አሜኬላ ይይዛል። እኔ ከኒዮፕሪኑ ሥር ምንም አላደርግም፤ ከላዩ ግን የቆዳውን የጣት መሸፈኛ አጠልቃለሁ። መልኩ ያስቃል፣ ይሠራል።

የፀሐይ ጓንት የሚባለው ስስ ጨርቅ ለፀሐይ ብቻ ነው። ለክር ዋጋ የለውም።

ማጠንጠኛውን በአውራ ጣት የሚይዝ ሪል ያላቸው ሰዎች ነገራቸው ሌላ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኬፕ ሃተራስ ላይ 8 አውንስ እርሳስ ከነምግቡ ቀይ ድራም ለሚባለው አሳ የሚወረውሩ አሉ። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ሐይቆች ላይ ደግሞ መስኪ የሚባለውን ትልቅ አሳ ፍለጋ ግዙፍ ማባበያ ቀኑን ሙሉ የሚወረውሩ አሉ። ለእነዚህ ጣጣው ሁለት ነው፤ እርጥብ ማጠንጠኛ ከአውራ ጣት ሥር ያመልጣል፣ ሲያመልጥ ደግሞ ያቃጥላል። ለማምለጡ መድኃኒቱ ጓንት ሳይሆን ጎማ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጣችሁ፣ አንዱን ጫፍ ሪሉ ላይ አስራችሁ፣ ማጠንጠኛው ላይ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ወርውሩ። አይንሸራተትም። ለማቃጠሉ አውራ ጣት ላይ የሚጠለቅ የቆዳ መሸፈኛ ይበቃል። ለመስኪ አጥማጆች ከዚህ ሌላ መዳፉ ላይ ስስ ድርብ ያለው ጓንት ይረዳል፤ የብስክሌት ነጂ ጓንት ዓይነት።

ደረጃ 4፦ ስፌቱን በጥፍራችሁ ፈትሹ

ስለ ቁሳቁስ ብዙ ይወራል። እኔ መጀመሪያ የማየው ስፌት ነው። ጓንቱን አጥልቁና በሌላው እጅ ጥፍር የሌባ ጣቱን ሆድ ከጫፍ እስከ አንጓ ፋቁት። ጥፍራችሁን የሚይዘው ነገር ሁሉ ክሩንም ይይዘዋል። ስፌቱ በጣቱ ጎንና ጎን ከሆነ መልካም። ሆዱ ላይ ወይም ጫፉ ላይ እንደ ከንፈር የወጣ ስፌት ካለ መልሱት፤ ክሩ እሱ ላይ ሲንጠለጠል ማባበያው ወደ ጎን፣ ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ ቁሱ። ቆዳ ለመልቀቅ የሚስተካከለው የለም፤ ክሩ እኩል ይንሸራተታል። ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ጨው ይዞ ሲደርቅ ይጠጥራል። ኒዮፕሪን ይሞቃል፣ ግን ቀጭን ክር ቀስ በቀስ ይበጣዋል፤ ከላዩ ቆዳ ወይም ጠንካራ ልባስ የተሰፋበትን ፈልጉ። ሹራብ መሰል ጨርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለዚህ ስለ መቆረጥ መከላከያ ጓንት ላንሳ፤ ሰው “A5 ነው፣ ምላጭ አይቆርጠውም” ብሎ ገዝቶ ይመጣል። የአሜሪካው ደረጃ ከA1 እስከ A9 ነው፤ A4 ለምሳሌ ጨርቁ ተቆርጦ እስኪያልፍ ምላጩ ላይ 1500 ግራም ጭነት ይችላል ማለት ነው፣ A5 ደግሞ 2200። የአውሮፓው ኢኤን 388 ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ከA እስከ F ፊደል ይጽፋል። ይህ ደረጃ የሚለካው የስለት መቆረጥን ነው። አሳ ስትበልቱ ግሩም ነው። ስትወረውሩ ግን፦ ብዙዎቹ እንደ ብሬዱ ከፖሊኤትሊን የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ክሩ በጭነት ጊዜ ያመልጣችኋል። የተሸመኑ ስለሆኑ ደግሞ መንጠቆ በቀዳዳው ይገባል፣ ሲወጣ ጨርቁን ይዞ ይቀራል። የመወጋት ቁጥር ራሱን የቻለ ነው፤ ኢኤን 388 ላይ አራተኛው ቁጥር። እሱም ቢሆን የሚለካው በወፍራም ሹል ብረት እንጂ በመንጠቆ ጫፍ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ልክ

የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። አውራ ጣትን ትታችሁ መዳፋችሁን በአንጓዎቹ ላይ ዙሩት። በኢንች የሚመጣው ቁጥር በግምት የጓንት ቁጥራችሁ ነው። 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁጥር 8 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚዲየም ይባላል። 9 ላርጅ፣ 10 ኤክስ ላርጅ። በሁለት ቁጥር መካከል ከሆናችሁ ቆዳ ከሆነ ትንሹን ውሰዱ፣ እየተለበሰ ይለቅቃል። ኒዮፕሪን ከሆነ ትልቁን፤ ጠባብ ከሆነ ደም እየከለከለ ጭራሽ እጅ ያበርዳል።

ዋናው ግን የሌባ ጣቱ ጫፍ ነው። ጣታችሁ ከገባ በኋላ ከጫፉ የሚተርፍ ቆዳ ካለ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ መያዝ ከቻላችሁ፣ አይሆንም። ክሩ የሚጠመጠመው እዚያ ትርፍ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ እቤት ውስጥ ፈትኑት

ሁለት ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙሉና አንገቱ ላይ የምትጠቀሙበትን ክር እሰሩ። ሁለት ኪሎ ሆነ። ጓንቱን አድርጋችሁ፣ ልክ እንደምትወረውሩ፣ ክሩን በሌባ ጣት ሆድ ላይ ብቻ አንጠልጥሉት። እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። ሠላሳ ድረስ ቁጠሩ። ጣቱ ላይ ስለታማ ስሜት ካለ ቆዳው ስስ ነው። ጭራሽ ምንም ካልተሰማችሁ ደግሞ ወፍራም ነው፤ የክሩን ጭነት የማያውቅ ጣት ሰዓቱን አያውቅም፣ ወይ ቀድሞ ይለቅቃል ወይ ዘግይቶ ማባበያውን እግር ሥር ይቀብረዋል።

ከዚያ ጠርሙሱን ፎጣ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ጣታችሁን በመዘርጋት ልቀቁት። አሥር ጊዜ። ጓንቱን አርጥባችሁ ሌላ አሥር ጊዜ። አንዴም ቢሆን ከተጎተተ መልሱት።

የመጨረሻዋ ፈተና ቀላል ናት። ዳይም ወይም ሌላ ትንሽ ሳንቲም መሬት ላይ ጣሉና ጓንቱን ሳታወልቁ አንሱት። ማንሳት ካቃታችሁ የማባበያ መያዣ ስናፕም መክፈት አትችሉም። ያኔ በየአሥር ደቂቃው ታወልቁታላችሁ፣ ከዚያ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ሣር ላይ

ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። መንጠቆ አይኑር፤ ባዶ እርሳስ ብቻ። ከምትጠቀሙት ክብደት ግማሹን አስራችሁ፣ በግማሽ ኃይል አሥር ጊዜ ወርውሩ። ከዚያ ክብደቱን ጨምሩ። ከባዶ ጣት ወደ ጓንት ስትሸጋገሩ የመልቀቂያው ሰዓት ይቀየራል። መጀመሪያ ላይ እርሳሱ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ሰማይ ቢሄድ ጓንቱ መጥፎ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስጡት። ከዚያም በኋላ ካልተስተካከለ ግን ጥፋቱ የጓንቱ ነው።

ጓንት አድርጋችሁም የማይደረጉ ነገሮች

ማባበያ ድንጋይ ውስጥ ሲቀረቀር ክሩን መዳፍ ላይ ጠምጥሞ መጎተት። ብሬድ ከሆነ ቆዳውንም ሥጋውንም ይዞ ይገባል። የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ፣ አንድ ስንዝር የምታክል፣ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ። ክሩን እሷ ላይ ጠምጥማችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ።

የሚሮጥ አሳ ክርን በእጅ መያዝ። ለዚያ የሪሉ ፍሬን አለ።

ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆን ከአሳ አፍ በጓንት ተማምኖ ማውጣት። ፒንሳ ተጠቀሙ። መንጠቆ ጓንት አልፎ እጅ ከገባ ደግሞ ጓንቱን አትሳቡ፤ መጀመሪያ ክሩን ከማባበያው ለዩ፣ ከዚያ ጓንቱን በመቀስ ዙሪያውን ቁረጡት። የሚለቀቅ አሳ ስትይዙ ደግሞ ጓንቱን አውልቁና እጃችሁን አርጥቡ። ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ስትራይፕድ ባስም ሆነ ሌላው አሳ ገላውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ልባስ በደረቅ ጓንት ሲፋቅ ይጎዳል።

ጣት ከተቆረጠስ? በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሸፍኑት። በሙቀት ወራት እንደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ባሉ ጨውና ጣፋጭ ውሃ የሚቀላቀልባቸው ቦታዎች ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በትንሽ ቁስል ይገባል። በተለይ የጉበት ሕመም ወይም የተዳከመ የመከላከል አቅም ያለው ሰው ክፍት ቁስል ይዞ ውሃ ውስጥ አይግባ። ቁስሉ በሰዓታት ውስጥ ከቀላ፣ ካበጠና ሕመሙ ከበረታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። “ባሕር ውሃ ነክቶኛል” ማለቱን ደግሞ አትርሱ።

ለእረፍት አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ጫሞ ላይ ነጭ አሳ ለመሞከር ካሰባችሁ፣ ያው የጣት መሸፈኛ ይሠራል፤ ላብ ስለሚያንሸራትት ሁለት ያዙ። ብቻ ጓንታችሁን ከጀልባው ጎንበስ ብላችሁ አትለቅልቁ። ቁልፎ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አዞ ገበያ የተባለው በከንቱ አይደለም።

አያያዝ

ከባሕር ስትመለሱ ቆዳውን በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አስጡት። ማሞቂያ ላይ ወይም የመኪና መስታወት ሥር አታድርጉት፤ እንደ ቋንጣ ይሆናል። በወር አንዴ ትንሽ የቆዳ ቅባት ይበቃዋል።

ከጊዜ በኋላ የሌባ ጣቱ ሆድ ላይ ክሩ ቦይ ያወጣል። ያ ቦይ መጀመሪያ ላይ ይመቻል፣ ክሩ ቦታውን አውቆ ያርፍበታል። እየጠለቀ ሲሄድ ግን ክሩ ሲለቀቅ ጠርዙ ይይዘዋል፤ ውርወራችሁ ያለ ምክንያት ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ እሱን እዩ። ጓንቱን ወደ መብራት አንሡት። በቦዩ በኩል ብርሃን ካሳለፈ በማግሥቱ ይዛችሁት አትውጡ።